ከህትመቱ በፊት ጨርቁን፦ ስለ ኮተን ቲሸርት አመራረጥ

(ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ኮሚናሉ ውስጥ ለሰፈሩ ወጣቶችና ወላጆች የተናገርኩት ነው። ልጆቹ በስልክ የቀዱትን ነው እንዳለ የፃፍኩት።)

እንደምን አረፈዳችሁ? እንዴት ናችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እሁዳችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ። ከኮዬ ፈጬ ድረስ የመጣችሁም አላችሁ አሉኝ፣ ኑሩልን። እናንተ ከኋላ የቆማችሁ ልጆች ወደፊት ኑ፣ እዚህ ጋ ወንበር አለ፣ ኋላ ደሞ ጨርቅ ስለማሳያችሁ ከዛ አይታያችሁም።

ለምን እንደተሰበሰብን ታውቃላችሁ። የጥምቀት ቲሸርት ሊታዘዝ ነው። ብር እየተዋጣ ነው። ባለፈው ስብሰባ ላይ እኔም ቁጭ ብዬ ስሰማ ነበር፣ ክርክሩ ስለምን ነበር? ጀርባው ላይ ምን ይፃፍ፣ ስዕሉ ደረት ላይ ይሁን ወይስ ጀርባ ላይ፣ ፅሁፉ ወርቃማ ይሁን ወይስ ነጭ። መሸ። ስለ ጨርቁ ማን ጠየቀ? ማንም አልጠየቀም። አንድ ሰው እንኳን "ጨርቁ ምንድነው" አላለም። ያኔ ነው ሰብሳቢያችንን እባክህ አንድ እሁድ ስጠኝ ያልኩት።

አንዳንዶቻችሁ ታውቁኛላችሁ፣ ጋርመንት ፋብሪካ ኳሊቲ ክፍል ነው የሰራሁት፣ አሁን እዚሁ ታች ሱቅ ይዤ እሰፋለሁ አትማለሁ። እና "እሷ ትዕዛዙን ለራሷ ልታደርግ ነው" የሚል እንዳይኖር፣ ይሄን ትዕዛዝ እኔ አልወስድም፣ ለኮሚቴውም ነግሬአለሁ። ስለዚ በነፃነት ስሙኝ፣ በነፃነትም ጠይቁኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወደ ውጪ የሚላክ ቲሸርት ገና ሳይቆረጥ ጨርቁ ይመዘናል፣ ይታጠባል፣ ደርቆ ይለካል፣ ቀለሙ ይለቅ እንደሆን በነጭ ጨርቅ ይታሻል። ከዛ ተሰፍቶ እንደገና ይታያል። ፈረንጁ ገዢ ታጥቦ ያልተለካ እቃ አንድ ካርቶን አይቀበልም። ያንን ሁሉ ፍተሻ የሚሰራው ማነው? የኛ ልጆች ናቸው። ከቦሌ ለሚ፣ ከሀዋሳ፣ ከነዱከም። እስኪ እዚህ ውስጥ ጋርመንት የሰራችሁ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ? አያችሁ ስንት እንደሆኑ? ታህሳስ 2014 መጨረሻ ላይ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ እቃችንን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባልን እድል፣ ስትወጣ ስንት ልጅ ነው ከስፌት መስመሩ ላይ ተነስታ ቤቷ የገባችው፣ ስንቷ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ገጠር የተመለሰችው። እውቀቱ ግን አብሯት ነው ያለው። ታዲያ ለማታውቀው የአሜሪካ ልጅ ስትፈትሽ የነበረች እጅ ለገዛ ወንድሟ ለምን አትፈትሽም? እኛ ለምንድነው ሳናጥብ ሳንለካ የምንገዛው? እኔ ዛሬ የመጣሁት ይሄን ለመጠየቅ ነው።

እሺ። አንደኛ፣ ጥጡ ራሱ።

እናቶቼ እዚህ ላይ እናንተ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። የሚፈተል ጥጥ ስትገዙ ምን ታደርጋላችሁ? ቆንጠር አድርጋችሁ በሁለት እጃችሁ ትስቡታላችሁ አይደል? ጭረቱ፣ ማለት እያንዳንዷ ቀጭን የጥጥ ፀጉር፣ ረጅም ከሆነ ይሳባል፣ አጭር ከሆነ ወዲያው ይለያያል። እማማ እዛ ጋ በእጃቸው እያሳዩን ነው፣ ልክ እንደሱ! ፋብሪካም በማሽን የሚለካው ይሄንኑ ነው። ከአዋሽ፣ ከመተማ፣ ከሁመራ የሚመጣው የኛ ጥጥ አብዛኛው መካከለኛ ነው፣ ጭረቱ 28 ሚሊ ሜትር አካባቢ። ረጅም የሚባሉት እነ የግብፅ ጥጥ፣ እነ ፒማ፣ ከ34 ሚሊ ሜትር ያልፋሉ፣ ክራቸው ቀጭንም ጠንካራም ይሆናል። ግን ስሙኝ፣ ገበያ ላይ "የግብፅ ኮተን ነው" ብሎ ዋጋ የሚጨምርባችሁ ሰው ካለ አትጨምሩ። ለቲሸርት መካከለኛው ጥጥ በደንብ ከተሰራ ይበቃል። ከተሰራ ነው ያልኩት።

እንዴት ነው የሚሰራው? ጥጥ ይዳመጣል፣ ፍሬው ይወጣል፣ ከዛ ይባዘታል። እናቶቻችን በደጋን እየነደፉ ነው የሚያባዝቱት፣ ፋብሪካው በካርድ ማሽን። እዛ ላይ ቆሞ የሚፈተል ክር አለ፣ ካርድድ ይባላል። ከዛ አልፎ እንደገና በማበጠሪያ የሚያልፍ ደሞ አለ፣ አጭር አጭሩ ጭረት ተለቅሞ ይወጣል፣ እሱ ኮምብድ ነው። ኮምብዱ ይወደዳል ምክንያቱም ከጥጡ ላይ ተቀንሶ የሚወጣ አለ። ልዩነቱ ምንድነው ብትሉኝ፣ ያ ከጥቂት እጥበት በኋላ ብብት ስርና ሆድ አካባቢ ትናንሽ ኳስ የሚያወጣው ቲሸርት አለ አይደል፣ ያ የሚመጣው ካጭር ጭረት ነው። ሱቅ ውስጥ እንዴት ትለዩታላችሁ? ቲሸርቱን አጥፋችሁ እጥፋቱን ወደ መስኮት አዙራችሁ እዩት። ፀጉር ፀጉር የሚል ነገር በብዛት ከቆመበት ገና ሳይለበስ ጀምሯል ማለት ነው። በአውራ ጣታችሁም ትንሽ ፈግፍጉት፣ ብናኝ ካወጣ ተዉት።

ሌላው የክሩ ውፍረት ነው። ለነጠላና ለጋቢ የሚፈተለው ፈትል አንድ ነው? አይደለም! ለነጠላ ቀጭን ነው፣ ለጋቢ ወፈር ይላል። ቲሸርትም እንደዛው ነው፣ ሻጩ "ሰላሳ ነው"፣ "ሀያ አራት ነው"፣ "ሀያ ነው" ሲላችሁ የክሩን ቁጥር ነው የሚነግራችሁ፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ክሩ ይቀጥናል። ብዙ ሰው ቁጥሩ ሲበዛ ጨርቁ ይወፍራል ብሎ ያስባል፣ ተቃራኒው ነው፣ እባካችሁ ኮሚቴዎች ይሄን ያዙ።

ሁለተኛ፣ ክብደት። ጂ.ኤስ.ኤም ይሉታል፣ አንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ ስንት ግራም ይመዝናል ማለት ነው። 140 አካባቢ ከሆነ ስስ ነው፣ ከ160 እስከ 180 መካከለኛ፣ ከ200 በላይ ወፍራም። ለጥምቀት እኔን ብትጠይቁኝ 180። ለምን? ጠዋት እዚህ ሜዳው ላይ ያለውን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ቀን ደሞ የጥር ፀሀይ ነው፣ 180 ለሁለቱም ይሆናል። ደሞ ነጭ ከሆነ ከዛ ከሳሳ ገላ ያሳያል።

አንድ ነገር አይቼ በጣም አዝኛለሁ፣ ሰፈሩን አልጠራም። ለከተራ ነጭ ቲሸርት አሳትመው ወጡ፣ ህትመቱ በጣም ያምራል፣ ጨርቁ ግን ወንፊት ነበር። ላብ ሲነካው ጭራሽ። ሴቶቹ ልጆች ቀኑን ሙሉ ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ነበር የዋሉት፣ እልል ሊሉ እጃቸውን ማንሳት አልቻሉም። ለደስታ ብሎ ያዋጣ ልጅ እንደዛ ተሸማቆ መዋል አለበት? በግራም ልዩነት እኮ ነው፣ በቃ።

"ታዲያ ሚዛኑን ከየት እናመጣለን?" ላላችሁኝ። ቀላል ነው። አንድ አዋቂ ሰው የሚለብሰው ኤል ሳይዝ ቲሸርት ወደ 1 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ጨርቅ ነው ያለው። ስለዚ ስኳር በሚመዘንበት ዲጂታል ሚዛን ላይ አጣጥፋችሁ አስቀምጡት፣ የሚያሳያችሁ ግራም ከጂ.ኤስ.ኤሙ ብዙም አይርቅም። 180 ነው ተብላችሁ ሚዛኑ 130 ካሳየ፣ ዋሽቷችኋል። ትክክለኛውን ከፈለጋችሁ ደሞ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ቆርጣችሁ በወርቅ ቤት ሚዛን አስመዝኑና በ100 አባዙት።

ሶስተኛ፣ እውነት ኮተን ነው ወይ? አንገቱ ላይ "100% ኮተን" የሚል ሌብል ስላለ አትመኑ፣ ሌብል ለብቻው ታትሞ የሚሸጥ ነገር ነው። በእሳት ነው የሚለየው። ከጨርቁ ውስጥ ክር ምዘዙ፣ ከጨርቁ አልኩ፣ ከስፌቱ አይደለም! የተሰፋበት ክር ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ስለሆነ ጨርቁ ንፁህ ኮተን ሆኖም ያሳስታችኋል። በወረንጦ ያዙት፣ በእጃችሁ አይደለም፣ የቀለጠ ፖሊስተር ቆዳ ላይ ይጣበቃል። አሁን ክብሪት ለኩሱ። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ የወረቀት ሽታ ይሸታል፣ የሚቀረው አመድ ስትነኩት ይበናል። ፖሊስተር ከሆነ ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ሆኖ ይቀራል። ተቀላቅሎ ከሆነ ሁለቱንም ታያላችሁ፣ ይነዳል ግን ጫፉ ላይ ጠጠር ጠጠር የሚል ነገር ይቀራል።

ውሃ ጠብ አድርጎ ማየትን አልመክርም። አዲስ ቲሸርት ላይ ማለስለሻ ኬሚካል ስላለ ኮተን ሆኖም ውሃውን ሊመልሰው ይችላል፣ ሳይታጠብ አይታወቅም።

እና ኮተን ቢሆን ባይሆን ምን ልዩነት አለው? እስኪ ምንጣፍ የምታነጥፉ ልጆች ንገሩኝ። ታቦቱ ፊት ምንጣፉን ጠቅልሎ እየሮጡ ወደፊት ማንጠፍ፣ እንደገና መጠቅለል፣ ያ እንዴት ያለ ላብ ነው? 100 ግራም ደረቅ ጥጥ በተለመደው አየር ውስጥ እንኳን 8 ግራም ተኩል እርጥበት ይይዛል፣ ፖሊስተር ግማሽ ግራም አይሞላም። ኮተን ላባችሁን ይጠጣዋል። ተራው ፖሊስተር ላቡን ገላችሁ ላይ ይተወዋል፣ ሽታም ይይዛል፣ ታጥቦም የማይለቅ ሽታ። እውነቱን ለመናገር ደሞ ኮተን የጠጣውን ቶሎ አያደርቅም፣ ረጅም ሩጫ ለሚሮጥ ልጅ ለስፖርት ተብሎ የተሰራው ፖሊስተር ይሻለዋል፣ ይሄን አልክድም። ቀኑን ሙሉ ቆሞ፣ ዘምሮ፣ ፀሀይ ላይ ውሎ ለሚመጣ ግን ኮተን ነው።

አራተኛ። ይሄ ነው ልቤ ላይ ያለው፣ ትንሽ ታገሱኝ።

ታናሽ ወንድሜ ሲመረቅ ጓደኞቹ ተሰብስበው ጥቁር ቲሸርት አሳተሙ። በነጋታው እናቴ አጠበችው። ሲደርቅ እምብርቱ ላይ ቀረ፣ ወደ ጎን ደሞ ሰፋ፣ የጎኑ ስፌት ዞሮ ወደ ሆዱ መጣ። ማን ተወቀሰ መሰላችሁ? እናቴ። "ማሚ በሙቅ ውሃ አጠብሽው"፣ "ጨምቀሽ ነው"፣ "ፀሀይ ላይ አስጥተሽው ነው"። እሷም አመነች፣ "ውይ ልጄን አበላሸሁበት" ብላ። የእናቴ እጅ እኮ አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፈትል ክፍል ስትሰራ የኖረ እጅ ነው! በየቤቱ እንደዚህ ነው፣ ጨርቁ ሲበላሽ የምትወቀሰው አጣቢዋ ናት፣ እናት ናት ወይ ሰራተኛዋ ናት። እና እኔ እዚህ ቆሜ የምላችሁ፣ አጣቢዋ አይደለችም። ጥጥ ሲረጥብ ይጠነክራል እንጂ አይደክምም፣ በእጅ መታጠብ አይገድለውም።

ታዲያ ለምን አጠረ? የቲሸርት ጨርቅ ክብ ማሽን ላይ ነው የሚሰራው፣ ሲሰራ ይወጠራል፣ ቀለም ሲገባ ይወጠራል፣ ሲደርቅ ወደ ርዝመቱ ይሳባል። ጥሩ ፋብሪካ መጨረሻ ላይ በእንፋሎት መልሶ ሰብሰብ አድርጎ ያሳርፈዋል፣ ኮምፓክቲንግ ይባላል። ከመቆረጡ በፊትም ተዘርግቶ እንዲያርፍ ይተዉታል። ይሄ ጊዜና ብር ይፈልጋል። የማይጨነቅበት አምራች ይዘለዋል፣ እንደውም በተሳበ ቁጥር ብዙ ሜትር ይወጣዋል! ያ የተሳበው ጨርቅ እናንተ ቤት ውሃ ሲነካው ወደነበረበት ይመለሳል። ሻጩ ሜትሩን ሸጧል፣ እናንተ ቤት ነው የሚያጥረው።

መዞሩስ? ክሩ ሲፈተል ባንድ አቅጣጫ ነው የተጠመዘዘው፣ ሲታጠብ ጥምዘዛው ሊፈታ ይፈልጋል፣ ጨርቁን ይዞት ይዞራል። በርካሽ ክር፣ በላላ አሰራር ላይ ይብሳል። ጎኑ ላይ ስፌት ያለውን ታጥቦ ሲደርቅ ዘርጉት፣ ስፌቱ ከጎን ወደ ፊት ሁለት ሶስት ጣት ከመጣ ያ ጨርቅ ልክ አይደለም።

ስለዚ ምን እናድርግ? ሳምፕሉን እጠቡ! አንድ ቲሸርት ውሰዱ፣ በማይለቅ እስክሪብቶ ወደ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ ከላይና ከታች ነጥብ አድርጉ፣ ወደ ጎኑም 30 ሴንቲ ሜትር። እናቶቻችን እንደሚያጥቡት እጠቡት፣ በላርጎ ይሁን በኦሞ፣ ምንም ልዩ ነገር አታድርጉለት። አስጡት። ሲደርቅ ለኩ። ደግማችሁ ደጋግማችሁ እጠቡ፣ ምክንያቱም ያንድ ቀን እጥበት ሁሉን አያወጣም። 50 የነበረው 48 ቢሆን 4 ፐርሰንት ነው፣ እሺ ይሁን። 46 ከሆነ 8 ፐርሰንት ነው፣ እሱ 72 ሴንቲ ሜትር ቲሸርት ላይ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ይቀንሳል። 6 ሴንቲ ሜትር! ይሄን እያያችሁ ነው፣ በእጄ፣ ይሄን ያህል። ከ5 ፐርሰንት በላይ ከሄደ መልሱላቸው፣ አትፈሩ።

ጥቁርና ቀይ ወይ ቦርዶ ከመረጣችሁ ደሞ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ይዛችሁ እሹት፣ ነጩ ቀለም ከያዘ ያ ቀለም ነጠላችሁ ላይ ነው የሚሄደው።

የቀረውን በፍጥነት ልበል፣ ሰአቱም ሄዷል። አንገቱን ሳቡት፣ ሲለቀቅ ወደ ቦታው መመለስ አለበት፣ ሪቡ ላይ፣ ማለት አንገቱን የሚዞረው ጨርቅ ላይ፣ ትንሽ ሊክራ፣ የሚለጠጥ ክር፣ ያለበት ይመለሳል። ውስጡን ገልብጡ፣ ከትከሻ እስከ ትከሻ አንገቱ ስር የተሰፋ ቴፕ ካለ ትከሻው አይሳብም። እጅጌና ታቹ ላይ ባለ ሁለት መርፌ ፍላትሎክ፣ ጎን ለጎን የሚሄደው የሚለጠጥ ስፌት፣ መሆን አለበት፣ በሲንግል፣ ባለ አንድ መርፌው፣ ከተሰፋ ስትለብሱ ይበጠሳል። በረኪና አታስነኩት፣ ጥጡንም ሊክራውንም ይበላዋል።

ህትመቱ? እሱም ከጨርቁ ነው የሚነሳው ልጆች። አንዳንድ አታሚ "ኮተን ላይ አይወጣም ፖሊስተር ይሁን" ካላችሁ ሰብሊሜሽን፣ ቀለሙን ከወረቀት በሙቀት ወደ ጨርቁ የሚያስገባውን፣ ሊሰራላችሁ ፈልጎ ነው፣ ሰብሊሜሽን ፖሊስተር ላይ ብቻ ነው የሚይዘው። ኮተን ላይ በስክሪን፣ ቀለሙ በወንፊት መሰል ጨርቅ እየተገፋ፣ ይታተማል፣ በጣም ያምራልም። በሂት ፕረስ፣ በሚጫን የጋለ ማሽን፣ የሚለጠፈውም ይቻላል፣ ግን ጀርባውን ሙሉ አትሸፍኑት፣ ላስቲክ የሸፈነው ኮተን አይተነፍስም። በተረፈ ስታጥቡም ስትተኩሱም ገልብጣችሁ።

አሁን ኮሚቴዎች፣ ይሄ ለናንተ ነው። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሳምፕል ተቀበሉ። እጠቡት፣ ለኩት፣ መዝኑት። ፍተሻውን ያለፈ ሳምፕል ካገኛችሁ ከዛው ጨርቅ ሌላ ያልታጠበ አንድ ቲሸርት ላይ እናንተም ሻጩም ፈርሙበትና ሰብሳቢው ቤት ይቀመጥ። ውላችሁ ላይ "እንደ ሳምፕሉ" የሚል ፃፉ፣ ክብደቱን በቁጥር ፃፉ። እቃው ሲመጣ ከላይ ያለውን ብቻ አትዩ፣ ከታችም ከመሀልም አውጥታችሁ ከተፈረመበት ጋር አስተያዩ፣ መዝኑ። ቀሪውን ብር ከዛ በኋላ። ይሄ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል፣ ጥምቀት ጥር 11 ነው፣ ታህሳስ መጨረሻ ላይ ከሮጣችሁ የምታጥቡበት ቀን አይኖራችሁም፣ ሻጩም ያንን ያውቃል። ህዳር ውስጥ ጀምሩ። ፍተሻውን ደሞ ቅድም እጃቸውን ላወጡት እህቶቻችን ስጡ፣ ኮሚቴው ውስጥ ይግቡ፣ ውሎ አበልም ይታሰብላቸው፣ ሙያ ነው።

ጠረጴዛው ላይ አራት ቲሸርት አምጥቻለሁ። ሁለቱ ታጥበዋል ሁለቱ አልታጠቡም፣ አንዱ ኮተን ነው ተብሎ የተሸጠ ፖሊስተር ቅልቅል ነው፣ የቱ እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ወረንጦና ክብሪት አለ፣ ሜትርና ሚዛንም አለ። እናቶች ቅደሙ፣ ከዛ ልጆች። ጥያቄ ያላችሁ እዛው ጨርቁን እየያዛችሁ ጠይቁኝ። አመሰግናለሁ።